ስዕል ይዤ ለምስክርነት ወደ መካነ ሰላም

መካነ ሰላም የሄድኩት ልመሰክር ነው። ጎረቤቶቼ ግን ለሽርሽር የሄድኩ መስሏቸው ከተመለስኩ ጀምሮ «ምን አየሽ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዳቸው ከማወራ አንድ ጊዜ ልጻፈው አልኩ። አንዳቸውም ወደዚያ እንደማይሄዱ አውቃለሁ። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያልሄድኩበት አገር ነው።

የምመሰክረው ስለ አንድ ስዕል ነበር። ጉለሌ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ከቡፌው በላይ የሚሰቀል፣ ከትሪ የማይበልጥ የውሃ ቀለም ስዕል አለ። ከድንጋይ የተሠራ ቅስት በር ይታይበታል። በበሩ ውስጥ አሻግሮ የአትክልት ቦታ አለ፣ ከአትክልቱ ወዲያ የደበዘዘ ተራራ። ከጀርባው በፈረንጅ እጅ ጽሕፈት ሁለት ቃላትና ዓመተ ምሕረት ተጽፎበታል። ቃላቱን ውሃ በልቷቸዋል፤ ከቁጥሩም የተረፈው አሥራ ስምንት መቶ የሚለው ብቻ ነው። ባለቤቴ ይመር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልንጋባ ጥቂት ወራት ሲቀሩን ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ቤት የገዛው ነው።

ይመር «ይህ በር የአባቴ ግቢ በር ነው» ይል ነበር። እንደሱ አባባል አንድ ፈረንጅ በጥንት ጊዜ በወሎው ቦረና ሲያልፍ በሩን አይቶ፣ ቁጭ ብሎ ሥሎት ሄዷል። እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ፕላን ስነድፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በመስመር ነገር አልታለልም። «ይህ በር ወሎ ከሆነ እኔ የሮም ልጅ ነኝ» እለዋለሁ። «ሄደሽ እይዋ» ይለኛል። አልሄድም። እሱ በየዓመቱ ብቻውን ሄዶ ይመጣል፤ ሲመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ልጆቻችን በዚህ ክርክር መሀል ተወልደው፣ አድገው፣ አግብተው ወጡ። ባለፈው ጥቅምት ይመር ሞተ። በእስልምናው ሥርዓት ቀበርነው። ክርክሩ ግን እንዳለ ቀረ።

ፋሲካ እንዳለፈ ታላቅ ወንድሙ አያ ሰይድ ከመካነ ሰላም ደወሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ሀያት ሳዑዲ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች፤ በአባቷ ግቢ የብሎኬት ቤት ልትሠራ ትፈልጋለች። የአሮጌው ቤት የኋላ ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ በባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፏል፤ የዘንድሮን ክረምት አይችልም። ብሎኬትና አሸዋ የሚያመጣው አይሱዙ ግን በዚያ በር አይገባም። ሌላ መግቢያም የለም፤ ግቢው በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው የሰው መሬት ነው። ሀያት በሩ ይፍረስ ትላለች። አያ ሰይድ የጥንት የአባቶቻችን በር ነው፣ ፈረንጅ ሳይቀር ሥሎታል፣ አይነካም ይላሉ። ነገሩ ሽማግሌ እጅ ገብቷል።

«ማስረጃው ያንቺ ሳሎን ነው ያለ። ስዕሉን ይዘሽ ነይና ቅዳሜ መስክሪ» አሉኝ።

«አያ ሰይድ፣ ከመጣሁ የምመሰክረው የማምነውን ነው» አልኳቸው።

«እሱንማ ወላሂ አንጠራጠርም» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። መንገዱ ክፍት መሆኑን አጠያይቄ ትኬት ቆረጥኩ።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ጎሕ ሲቀድ ተነሳ። ረዳቱ ስዕሉን ጣሪያ ላይ ካልጫንኩ ብሎ ተሟገተኝ። «መስታወት ነው» ብለው «መኪናውም መስታወት አለው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። በመጨረሻ በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያዝኩት።

ጥቁር ለብሻለሁ፤ ጭኔ ላይ ደግሞ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ የፎቶ ፍሬም አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ገና ከከተማ ሳንወጣ እንባቸው መጣ።

«ልጅ ነው?» አሉኝ።

«በር ነው» አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። ሐዘን አእምሮዬን የነካው መስሏቸው መሆን አለበት፣ ደብረ ብርሃን እስኪወርዱ ድረስ አልለቀቁኝም። ሲወርዱ ሁለት ሙዝና አንድ ዳቦ ጭኔ ላይ አስቀምጠው «አይዞሽ፣ ጸሎት ያዢ» አሉኝ። ሙዙ ጥሩ ነበር።

ጣርማበር ላይ ጃኬት ደረብኩ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ አወለቅሁ፣ ከሚሴ ላይ የማወልቀው አጣሁ፣ ደሴ ስደርስ ሁሉንም መልሼ ለበስኩ። ያረፍኩበት ፔንሲዮን መስኮቱ አይዘጋም። ለባለቤቱ ስነግረው ካርቶን አምጥቶ በፕላስተር ለጠፈልኝ። ካርቶኑ ላይ «ይህ ወገን ወደ ላይ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የተለጠፈው ተዘቅዝቆ ነው። የጉለሌ ብርድ ብርድ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ

የአቀስታው ሚኒባስ «ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራ ነበር። አንዱ ሰው እኔ ነኝ ብዬ ስገባ ውስጥ ያሉት የረዳቱ ጓደኞች ነበሩ፤ እኔ ስቀመጥ ወረዱ። እኛ ሰፈር ታክሲ ካልሞላ አይሄድም። እዚህ ሞልቶም አይሄድም። ለአሥራ ሁለት ሰው የተሠራው ላይ አሥራ ዘጠኝ ስንሆን ሾፌሩ ዞሮ አየንና «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ባዶ ነው» አለ።

ከደሴ ወጥቶ ያለው ደጋ የበልግ ገብስ ብቅ ብሎበት ነበር። አንዳንዱን ኩርባ በወረቀት አውቀዋለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ከሻይ ሰዓት በፊትና በኋላ ሲነደፍ አይቻለሁ። ወረቀት ላይ ጉም የለም፣ በመንገዱ መሀል የሚተኛ በግም የለም። ከፊቴ የተቀመጠ ሰው «ይኸን መንገድ የሠራ ሰው ሰክሮ ነው» ሲል ሰማሁ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አቀስታ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የመኪናው ቺንጋ ተበጠሰ። ሾፌሩ ናይለን ሻሽ ያላት ሴት ካለች ብሎ ለመነ፤ አንዷ ሰጠችው። ሻሹም ተበጠሰ። ቀሪውን በእግር ሄድን። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ወደ ኋላ ስቀር ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ መንገደኛ ከኔ ጋር ቀሩ። ስዕሉን ከእጄ ወስደው በነጠላቸው አዘሉት።

«የት ልታድሪ ነው?» አሉኝ።

«ፔንሲዮን አይጠፋም።»

«ቤት እያለ ፔንሲዮን? አፈር ስሆን! ሰው ምን ይለኛል?»

ሁለት ሴት ልጆቻቸው ጅዳ ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ከኔ ሳሎን የሚሰፋ ሶፋ አለ፤ ከነላስቲኩ ነው የሚቀመጡበት። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ አቀረቡልኝ፤ በእርጎ አወራረድኩት። ጎረቤት ተጠርቶ ስዕሉን እንድፈታው ተጠየቅሁ። ወይዘሮ ዘሀራ አጥንተው አጥንተው «ግንቡ ፍየል አይከለክልም» አሉ። በሕይወቴ ስለ ስዕል ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው።

ሶፋው ላይ የበግ ፀጉር ባና ደርበውልኝ ተኛሁ። በተገላበጥኩ ቁጥር ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ጠዋት ለምን እንደማያነሱት ጠየቅኳቸው።

«ልጆቹ ሲመጡ እናነሳዋለን፣ ኢንሻ አላህ» አሉኝ።

ከመጡ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ለአዳሬ ምን እንዳደርግላቸው ብላቸው ተቆጡኝ፤ ቆሎ ቋጥረው ሸኙኝ።

ሐሙስ

መካነ ሰላም እኩለ ቀን ላይ ደረስኩ። መናኸሪያው ባጃጅ፣ ሲሚንቶ የጫነ አህያና ስልክ የሚያናግር ሰው ሞልቶታል፤ ጉለሌ የቀረሁ መሰለኝ፤ ልዩነቱ ንፋሱ ነው። ሀያት ባጃጅ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። በስልክ እንጂ በአካል አይቻት አላውቅም። ቀጭን፣ ፈጣን ልጅ ናት፤ አማርኛዋ የኛ ሰፈር ልጆች አማርኛ ሆኖ መሀሉ ላይ ዓረብኛ ጣል ጣል ይልበታል።

«እትዬ ጥሩወርቅ! እንኳን ደህና መጡ፣ ያላ ይግቡ» ብላ ሻንጣዬን ነጠቀችኝ። ባጃጁ እንደተነሳ ጉዳይዋን ጀመረች። «እኔ በሩን ጠልቼው አይደለም እኮ። ግድግዳው ንፋስ ሲመጣ ይንቋቋል፤ አባባ ደግሞ እዚያው ሥር ነው የሚተኛው። ወደ ሌላው ክፍል ዙር ስለው አይሰማኝም። ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ያጸዳሁት አባቴ የራሱ ቤት ተደርምሶበት እንዲሞት ነው? እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩልኝ።»

የማየውን ብቻ እንደምናገር ነገርኳት።

ግቢው ከከተማው ዳር ነው። ባጃጁ ግንቡ ፊት አወረደን። በሩን ገና በቅጡ ሳላየው አንድ ነገር ገረመኝ፤ ቅስቱ ሥር ያለው መግቢያ በደረቅ እሾህ ተጠቅጥቆ ተዘግቷል። ሰው የሚገባው ግንቡ በሚያልቅበት በኩል፣ ገደሉ አፍ ላይ፣ አንዲት ወይራ ይዞ በመዞር ነው። የመንገድ ባለሙያ ሆኜ እንዲህ ያለ መግቢያ አላየሁም። ሀያት ስዕሉን፣ እኔ ወይራዋን ይዤ ዞርን።

አያ ሰይድ ደጃፍ ቆመው ነበር። ሰማንያ የሚጠጋቸው፣ ረጅም፣ በበትራቸው የተደገፉ ሰው ናቸው። «መጣሽ?» ሲሉኝ ድምፃቸው የይመር ድምፅ ሆነብኝ። ቀብር ላይ መንገድ ተዘግቶ አልደረሱም ነበርና ያኔ ያላለቀስነውን አብረን አለቀስን። ሀያት በመሀል ሁለት ጊዜ «ኻላስ፣ ይበቃል» አለችን።

ከዚያ በግ ታረደልኝ። እነሱ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ፣ በወሎ ደንብ በጉን የሚያርደው ክርስቲያን ነው። ጎረቤታቸው ጋሽ መኮንን ቢላቸውን ስለው መጡ። እሳቸው ያረዱትን ቤተሰቡ አይበላም። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ይህን በግ ሊበሉ የሚችሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ እኔና ጋሽ መኮንን። በዓለ ሃምሳ ስለነበር በጾም ማመካኘት አልተቻለም። ትይዩ ተቀምጠን እንደ ሁለት ፈተና ተቀማጮች አንገታችንን ደፍተን በላን። አያ ሰይድ ከሩቅ ሆነው «አፈር ስሆን፣ ብዪ እንጂ» ይላሉ። ጋሽ መኮንን ሽማግሌ ከተባሉት አንዱ መሆናቸውን የነገሩኝ ሁለተኛው ሳህን ላይ ነው።

ዓርብ

ቁርስ በግ ነበር። ከበላሁ በኋላ ስዕሉን፣ ማስመሪያዬንና ክር ይዤ ወደ በሩ ወጣሁ።

በሩ በእርግጥ ስዕሉን ይመስላል። ቅስቱ፣ በግራ በኩል ያለችው ትንሽ መስኮት መሳይ ጎድጓዳ፣ ከሥር ያለው ሰፊ ድንጋይ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ለአፍታ ይመር ልክ ነበር እንዴ ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ቀኙን ምሰሶ አየሁ። ከግራው በሁለት ስንዝር ያጥራል። ቅስቱም ወደዚያው ተንጋዶ ወርዷል።

በስዕሉም ላይ ያጥራል፤ እዚያ ግን ምክንያት አለው። ሠዓሊው የቆመው ከበሩ በስተግራ ነው፤ ቀኙ ምሰሶ ይርቀዋል፣ የራቀ ነገር ደግሞ አንሶ ይሣላል። ሠዓሊ ይህን ያውቃል። ግንበኛ ግን ስዕል በክር ለክቶ ቢገነባ አጭሩን አጭር፣ ረጅሙን ረጅም አድርጎ ያቆመዋል። ግንቡ በስተቀኝ በኩል ያለ አንዳች ምክንያት ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ ስዕሉም የሚያልቀው እዚያው ላይ ነው። ፍሬሙ ካለቀበት ወዲያ ግንበኛው ምን እንዳለ አላወቀም፣ ስለዚህ ተወው። በቃ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ገደል አፍ ላይ በወይራ የሚንጠለጠለው ወረቀቱ ስላለቀ ነው።

የመጨረሻው ማስረጃ ሻጋታው ነው። በስዕሉ ላይ ከቅስቱ በላይ ምስር የምታህል ቀይ የሻጋታ ነጠብጣብ አለች፤ ይመር ሲገዛውም ነበረችበት። ግንቡ ላይ እዚያው ቦታ፣ በጥቁር ድንጋዮች መካከል፣ አንድ ቀይ ድንጋይ ገብቷል።

ፈረንጅ በሩን አልሣለውም። በሩ ነው ከስዕሉ የተገለበጠው፣ ያውም ከዚሁ ከኔ ሳሎን ስዕል። አማቴ፣ የይመር አባት፣ ግንበኛ እንደነበሩ አውቃለሁና ማን እንደገነባው አላጣሁትም። በሩ ከኔ ትዳር በአንድ ክረምት ቢበልጥ ነው።

ክርክሩን አሸነፍኩ። ሳላስበው ስልኬን አውጥቼ የይመርን ስም ፈለግሁ። ከዚያ መልሼ ኪሴ ከተትኩትና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ብቻዬን እንዲህ ያለቀስኩት ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

እሾሁ ለምን እንደተደረገ ሀያትን ጠየቅኳት። «እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ በየዓመቱ አባባ ይቀይረዋል» አለችኝ። ሽማግሌ ፊት እንዳላዋርዳቸው ብዬ ያገኘሁትን ለአያ ሰይድ ለብቻቸው ልነግራቸው ሞከርኩ።

«አያ ሰይድ፣ በሩን አይቼዋለሁ። ደስ የማይልዎት ነገር ነው የምናገረው።»

«ለነገ ይደር» አሉኝ። «በግ ብዪ።»

ከሰዓት በኋላ የኋላውን ግድግዳ አየሁት። ባሕር ዛፉ ራሱ ጎብጧል። ከዚያ በኋላ ነገ ምን እንደምል አላመነታሁም።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ትልቁ ሸህ ሁሴን፣ ሁለተኛው ጋሽ መኮንን፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምንም ያልተናገሩ ሰው። በሩ ፊት ወይራው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሸህ ሁሴን ዱአ አደረጉ፤ ሁላችንም አሚን አልን፣ ጋሽ መኮንን ከሁላችን ጮክ ብለው። ሴቶች ከሩቅ ቆመዋል። ስዕሉ በነጠላዬ ላይ ተዘርግቷል።

አያ ሰይድ ጥንታዊ በር ነው አሉ። ሀያት ግድግዳው ሊወድቅ ነው አለች። ከዚያ እኔ ተነሳሁ። አጭሩን ምሰሶ በክር ለካሁ፣ ግንቡ የተቆረጠበትን ከፍሬሙ ጠርዝ ጋር አስተያየሁ፣ ቀዩን ድንጋይ በበትር አሳየሁ። ቢሮ ውስጥ ከአለቆቼ ፊት እንኳን እንዲህ አስረድቼ አላውቅም። «በሩ ከስዕሉ የተገለበጠ ነው። ጥንታዊ አይደለም። ከሰው ነፍስ አይበልጥምና ይፍረስ» ብዬ ጨረስኩ። አያ ሰይድን ማየት ፈራሁ።

«ማሻ አላህ» አሉ ሸህ ሁሴን። «አብራርተሽ አስረዳሽ። ቀዩን ድንጋይ ከወንዝ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጭቃውንም አብኩቻለሁ።»

«ቅስቱ የተደገፈበት እንጨት የኔ ነበር» አሉ ጋሽ መኮንን። «እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።»

ወደ አያ ሰይድ ዞርኩ። «እርስዎም ያውቁ ነበር?»

«ድንጋዩን ማን የተሸከመው መሰለሽ?»

ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የማናውቀው ሀያትና እኔ ነበርን። እሷ አልተወለደችም፤ እኔ አልመጣሁም።

አያ ሰይድ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ተናገሩ። «ይመር ሊያገባሽ ሲል ይኸን ስዕል ይዞ መጣ። አባታችን ምንድር ነው ቢሉት፣ 'የማገባት ልጅ እንዲህ ያለ ትወዳለች፣ እንዲህ ያለ ስትሥል ነው የምትውል' አላቸው። አዲስ አበባን አላዩዋት። የለመድሽው በር እንዲህ ያለ መሰላቸው። 'የሰው ልጅ ከዚህ በር አውጥተን በእሾህ አጥር አናስገባትም፤ የለመደችውን እንሥራላት' አሉ። ክረምቱን ሙሉ ስዕሉን ፊታቸው አቁመው በክር እየለኩ ገነቡ። ለቅልቅሉ ደረሰ። ዳስ ጣልን። ላንቺ ወገን ተብሎ በመኮንን አባት እጅ በግ ታረደ። አልመጣሽም።»

ያንን ሳምንት አስታውሳለሁ። ለይመር የሚያስቸኩል የድልድይ ፕላን አለብኝ አልኩት። ፕላኑ አያስቸኩልም ነበር። ገጠር ፈራሁ፤ አኳኋኔ ያስቃቸዋል ብዬ ፈራሁ። ያደግሁት ደግሞ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ነው፣ በራችን በሽቦ ነበር የሚታሰረው።

«አባታችን 'ለከርሞ ትመጣለች' ብለው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይገባበት በእሾህ ዘጉት» አሉ አያ ሰይድ። «በሦስተኛው ዓመት ሞቱ። 'መጀመሪያ እሷ ትግባበት፣ ከዚያ የወደዳችሁትን አድርጉት' ብለው ነው የሞቱት። እኔ የአባቴን ቃል ይዤ ነው እንጂ ልጄን ልበድል አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ይመር ከለከለና! 'ካወቀች ታፍራለች፣ ካፈረች ጭራሽ አትመጣም' አለ። ለሰርግ ጠራንሽ፣ ለአረፋ ጠራንሽ፤ ጉልበቴ አልሽ፣ ልጆቼ አልሽ። እሱ ግን 'አብሽሩ፣ ለክርክር ከሆነ አንድ ቀን ትመጣለች' ይል ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጋሽ መኮንን ፊታቸውን አዞሩ። እኔ መቀመጫ ፈለግሁ። ይመር በገዛ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ውሸታም ሲባል የኖረው እኔን ከእፍረት ሊሰውርና እዚህ ሊያደርሰኝ ነው። በየዓመቱ ብቻውን መጥቶ ያንን እሾህ እያየ ተመልሷል። እኔ ደግሞ ልጆቹ ፊት ስዕሉን በማስመሪያ እየለካሁ አሳፍሬዋለሁ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ጸጸት ለጠላቴ አልመኝም።

«እና አባባ፣ ይኸ ሁሉ እትዬን ለማምጣት ነው?» አለች ሀያት። «ለኔ ብትነግረኝ በኮንትራት መኪና አላመጣቸውም ነበር?»

ሸህ ሁሴን በእጃቸው ዝም አሰኟት። «በሉ፣ የሟች ቃል ይፈጸም። ትግባ። ከዚያ ይፍረስ።»

እሁድና ከዚያ ወዲያ

በሩ በማግስቱ ፈረሰ። አምስት ጎልማሶች ዲጅኖ ይዘው በጠዋት ጀመሩ፤ እስከ ቀትር ያፈርሱታል ተብሎ ነበር፣ ሲመሽ ነው የጨረሱት። አማቴ ስዕል ማንበብ አይችሉም እንጂ ድንጋይ ማያያዝ ይችሉ ነበር። ድንጋዩ ለሀያት ቤት መሠረት ተቆለለ። አይሱዙው የጋሽ መኮንንን አጥር ገጭቶ ገባ፤ ጋሽ መኮንን ይህንንም ከእንጨቱ ጋር እንደሚይዙት ተናገሩ። ሰኞ የቀረውን በግ ቋንጣ አድርገው አስያዙኝ። አቀስታ ላይ ወይዘሮ ዘሀራ ዘንድ አደርኩ፤ ላስቲኩ አልተነሳም። ረቡዕ ቤቴ ገባሁ። ሀያት ትናንት ደውላ መሠረቱ ወጥቷል፣ አባባም ከዚያ ግድግዳ ሥር ተነስቷል ብላኛለች።

የቅዳሜውን ሳልጨርስ ወደ እሁድ የዘለልኩት ሆን ብዬ ነው። ለመጻፍ የከበደኝ እሱ ነው።

እሾሁን አያ ሰይድ ራሳቸው በመንሽ አነሱት፤ ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ከዚያ በወይራዋ በኩል ዞረው ወደ ግቢው ገቡና ከቅስቱ ወዲያ፣ አባታቸው በሚቆሙበት ቦታ ቆሙ። ሴቶቹ እልል አሉ። ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ጥቁር ቀሚስና የሸራ ጫማ አድርጌያለሁ፣ ጉልበቴ አብጧል። ሀያት ክንዴን ልትይዘኝ መጣች፤ ተዪኝ አልኳት። ቅስቱ በቀኝ በኩል ስለሚወርድ ጎንበስ ማለት ነበረብኝ።

አያ ሰይድ ሙሽራ እንደሚቀበል ሰው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አሉኝ በይመር ድምፅ። «ምነው ዘገየሽ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም። ሥራ ነበረብኝ፣ ልጆች ነበሩብኝ፣ መንገዱ አይመችም ነበር።

«አጥፍቻለሁ» አልኳቸው።

«ግቢ» አሉኝ።

ገባሁ።